ከወጨጫ ሥር ምን አለ? የቀለጠ ዓለት ማደሪያና መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው ጐዳና ቡራዩን አልፎ የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ የከተማውን ሕዝብ ሲያጠጣ የኖረ ስለ ሆነ ስሙን የማያውቅ ጥቂት ነው። ከግድቡ ዳር ቆሞ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው የወጨጫን ተራራ ያያል፤ ወደ ምሥራቅ ቢዞር ደግሞ የእንጦጦ ጋራ ይታየዋል። ሁለቱም ከእሳተ ገሞራ የተወለዱ ናቸው። ይህ ነገር በጂኦግራፊ ትምህርት ተነግሮ የሚታለፍ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን ከፈንታሌ አካባቢ የሚነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ እየተሰማ ሰዎች በሌሊት ከፎቅ ቤት እየወረዱ ወደ ሜዳ በወጡ ጊዜ፥ በወጨጫ ግርጌ በሰበታና በቡራዩ ለሚኖር ሰው «ይህስ ተራራ ቢነቃ?» ብሎ መጠየቅ የሚገባ ሆነ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚሁ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። መልሱም የተራራውን ቁመትና መልክ ከውጭ በማየት አይገኝም። የቀለጠ ዓለት፥ ሊቃውንት ማግማ የሚሉት፥ በምድር ውስጥ የት እንደሚያድርና በምን መንገድ እንደሚሄድ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

በብዙዎቻችን አሳብ ውስጥ ያለው ሥዕል ከእግራችን ሥር የእሳት ባሕር አለ፥ የምድር ቅርፊት በዚያ ላይ እንደ ክዳን ተደፍቶአል፥ እሳተ ገሞራም ክዳኑ የተበሳበት ቦታ ነው የሚል ነው። ሥዕሉ ለማስታወስ ይመቻል፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። የመሬት መንቀጥቀጥ ከሚያስነሣቸው ሞገዶች አንዱ ወገን፥ ይኸውም ዓለቱን ወደ ጎን እያወዛወዘ የሚሄደው፥ በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይችልም። ይኸው ሞገድ ከቅርፊቱ በታች ያለውንና ማንትል የሚባለውን ክፍል እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ድረስ ያቋርጠዋል። እንግዲህ ማንትል ጠጣር ነው ማለት ነው። ምንም እንኳ እጅግ የጋለና በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚንቀሳቀስ ቢሆን፥ ዓለት እንጂ ፈሳሽ አይደለም። የቀለጠው ነገር በጥቂት ስፍራ፥ በጥቂት መጠን ብቻ የሚገኝ ነው።

ታዲያ ጠጣሩ እንዴት ይቀልጣል? ብዙ ሰው ሙቀት ሲጨመርበት ነው ብሎ ይገምታል። በአገራችን ዋናው ምክንያት ግን የሙቀት መጨመር ሳይሆን የጭነት መቀነስ ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በገፈርሳ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በላዩ የተጫነው አየር ስለ ሳሳ ነው። (ባቄላ በደጋ ለመብሰል የሚዘገየውም ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው።) የዓለትም ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የጋለ ማንትል ከጥልቅ ወደ ላይ ሲነሣ የተሸከመው ክብደት ይቀንስለታል፤ በዚህ ጊዜ አንዲት ዲግሪ ሙቀት ሳይጨመርበት መቅለጥ ይጀምራል። የሚቀልጠውም ሁለመናው አይደለም። ከመቶው ጥቂቱ እጅ ብቻ በዓለቱ ቅንጣቶች መካከል እንደ ላብ ይወጣል።

ከኢትዮጵያ በታች ያለው ማንትል ከሌላው ስፍራ ይልቅ የጋለ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሰሜኑን ደጋ ያለበሰው የባዛልት ጐርፍ የወጣው ከዚሁ ነው። ከዚያም ወዲህ የስምጥ ሸለቆው ዳርና ዳር በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል እየተራራቀ ቅርፊቱን አሳስቶታል፤ ቅርፊት በሳሳበት ስፍራ ደግሞ ከታች ያለው ዓለት ይነሣል፥ ጭነቱም ይቀንሳል።

ማግማ ከዙሪያው ዓለት ስለሚቀልል ወደ ላይ ይወጣል። ሆኖም በአንድ ጉዞ ከሜዳ ላይ አይደርስም። የቅርፊቱ ዓለት ራሱ ከማንትል የቀለለ ስለ ሆነ ማግማው ከቅርፊቱ ግርጌ ሲደርስ የመንሳፈፍ ኃይሉ ይደክማል፤ አብዛኛውም እዚያው ይተኛል። ከ2001 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የውጭ አገር ሊቃውንት በኅብረት ባደረጉትና ኢግል በተባለው ጥናት፥ ፈንጂ በጕድጓድ ውስጥ እየፈነዳ ሞገዱ በምድር ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት በብዙ መሣሪያዎች ተለክቶ ነበር። በዚህም ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምዕራብ ባለው ደጋ የቅርፊቱ ውፍረት እስከ 40 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ መሆኑ፥ ከግርጌውም ሞገድ የሚፈጥንበት ወፍራም ንብርብር መኖሩ ታወቀ። ሊቃውንቱ እንደ ተረጐሙት ይህ ንብርብር ከታች መጥቶ እዚያ የተኛና የቀዘቀዘ ማግማ ነው። በስምጥ ሸለቆው ሥርም ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር በሚሆን ጥልቀት፥ በሸለቆው አቅጣጫ የተሰለፉ ረዣዥም የቀዘቀዘ ባዛልት ክምችቶች ተገኝተዋል። በአገራችን ምድር ላይ የምናየው ላቫ እጅግ ብዙ ነው፤ በምድር ውስጥ የቀረው ግን ይበልጣል።

ከግርጌው ያመለጠው ማግማ ወደ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር በሚሆን ጥልቀት ሌላ ማደሪያ ያገኛል። መጻሕፍት ይህን ማደሪያ የማግማ ጓዳ ይሉታል። ቃሉ ያሳስታል፤ ጓዳ ሲባል በዓለት መካከል ያለ ባዶ ክፍል፥ በውስጡም የቀለጠ ነገር የሞላበት ገንዳ ይመስላል። በዘመናችን የተደረገው ጥናት የሚያሳየው ከዚህ የተለየ ነው። የጽሑፉ አቅራቢ አሳብ ከጓዳ ይልቅ ድፍድፍ ቢባል ይሻላል የሚል ነው። በጋን ውስጥ ያለውን የጠላ ድፍድፍ እናስብ። ፍጹም ጠጣር አይደለም፥ ፍጹም ፈሳሽም አይደለም። አሻሮው፥ ብቅሉና ጌሾው ተጠጋግቶ ተደጋግፎ ቆሞአል፤ በመካከሉ ፈሳሹ አለ። ጋኑን ትንሽ ቢያዘነብሉት ድፍድፉ እንደ ውሃ አይፈስም። ነገር ግን ውሃ ተጨምሮበት ጊዜ ከተሰጠው ወፍራሙ ከታች ይረጋል፥ ቀጭኑም ከላይ ይጠልላል።

በእሳተ ገሞራ ሥር ያለውም እንዲሁ ነው። ማግማው እየቀዘቀዘ ሲሄድ በውስጡ የማዕድን ቅንጣቶች ይበቅላሉ። ቅንጣቶቹ ከግማሽ በላይ ከሆኑ እርስ በርሳቸው ይደጋገፉና ሁሉም እንደ ዓለት ይቆማል። እንዲህ ያለው ድፍድፍ ብዙ ሺህ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል፤ በዚያ ባለበት ሁኔታ ግን ሊፈነዳ አይችልም። ወደ ላይ ለመውጣት የሚችለው ከመካከሉ ተጨምቆ ከላይ የጠለለው ነው። ከታች አዲስ የጋለ ማግማ ሲገባበትም ድፍድፉ እንደ ገና ይላላል። ስለዚህ ስለ አንድ ተራራ ሲጠየቅ «ከሥሩ ማግማ አለን?» ማለት ግማሽ ጥያቄ ነው፤ ሌላው ግማሽ «አዲስ ማግማ ይጨመርለታልን?» የሚለው ነው።

ይህ መጥለል የማግማውን ጠባይም ይለውጠዋል። አስቀድመው የሚበቅሉት ቅንጣቶች ብረትና ማግኒዝየም የበዛባቸው ናቸውና የሚቀረው ፈሳሽ እየቆየ ሲሊካ ይበዛበታል። እንዲህ ሆኖ ከጥቁሩና ከቀጭኑ ባዛልት ወፍራሙ ትራካይት፥ ከትራካይትም ይበልጥ የሚወፍረው ራዮላይት ይወለዳል። የወጨጫ ዓለት በአብዛኛው ትራካይት ነው። ከተራራው ድንጋይ አንዱን ሰብሮ የሚመለከት ተማሪ በግራጫው ዓለት መካከል የተበተኑ ነጫጭ የፌልድስፓር ቅንጣቶች ብዙ ጊዜ ያገኛል። እነዚህ ላቫው ከውጭ ሲቀዘቅዝ የበቀሉ አይደሉም፤ እንዲህ ለማደግ ጊዜ አይበቃቸውም ነበር። በጥልቅ በድፍድፉ ውስጥ ለረጅም ዘመን አድገው ከጠለለው ጋር አብረው የወጡ ናቸው። እንግዲህ የጥንቱን ማደሪያ ምስክር በእጅ ለመያዝ ከገፈርሳ ወደ ተራራው የአንድ ቀን ጉዞ ይበቃል።

ስለ ጋዝም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በማግማ ውስጥ የውሃ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በግፊት ኃይል ሟምተው ይኖራሉ፤ ግፊቱ ሲቀንስ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ሆነው ይወጣሉ። ከቀጭኑ ባዛልት ጋዙ በቀላሉ ያመልጣል። ወፍራሙ ግን አፍኖ ይይዘውና በመጨረሻ ራሱ ተበጣጥሶ አመድና ፑሚስ ይሆናል።

አሁን ወደ መንገዱ እንለፍ። ማግማ በቅርፊቱ ውስጥ የሚሄደው ዓለቱን እያቀለጠ ሳይሆን እየሰነጠቀ ነው። ስንጥቁ በማግማ ተሞልቶ ሲቀዘቅዝ በምድር ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ የድንጋይ ግድግዳ ይሆናል፤ ዳይክ የሚባለው እርሱ ነው። ይህ ጉዞ ከቅዝቃዜ ጋር የሚደረግ እሽቅድምድም ነው። በሙቀት ሕግ መሠረት የመቀዝቀዣው ጊዜ የሚያድገው በውፍረቱ ልክ ሳይሆን ውፍረቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ነው። አንድ ሜትር ወርድ ያለው ዳይክ በሁለት ሳምንት ገደማ ይረጋል። ወርዱ 10 ሜትር ቢሆን 3 ዓመት ያህል፥ 100 ሜትር ቢሆን 300 ዓመት ያህል ይፈጃል። አንድ ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው ክምችት ወደ 30,000 ዓመት፥ አምስት ኪሎ ሜትር የሆነው ደግሞ ወደ 800,000 ዓመት ይፈልጋል። ቍጥሮቹ ግምት ናቸው፤ በዓለቱ ውስጥ ውሃ ቢዘዋወር ያጥራሉ፥ ከታች አዲስ ማግማ ቢጨመር ይረዝማሉ። የነገሩን መጠን ግን በደኅና ያሳያሉ። አብዛኞቹ ዳይኮች ከሜዳ ሳይደርሱ የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት ከዚህ ይታወቃል።

የዚህን ሁሉ ማስረጃ ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ በዓለም ከታወቁት ምሳሌዎች ታላቁ በአፋር ይገኛል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ በጥቂት ቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዳይክ ምድርን ሰንጥቆ ገባ። ምድሩ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ይህን የለካው ከሰማይ በላይ የሚዞር ሳተላይት ነው፤ ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ በራዳር የተነሡት ሥዕሎች ሲተያዩ የምድሩ መነሣትና መስመጥ በሴንቲ ሜትር ይነበባል። የገባው ማግማ ወደ ሁለት ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ይገመታል፤ የገፈርሳ ግድብ ከሚይዘው ውሃ ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ከሜዳ ላይ የወጣው ጥቂት አመድና ፑሚስ ብቻ ነበር። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ በዚያው ስፍራ ሌሎች አሥራ ሦስት ዳይኮች ገብተዋል፤ ላቫ ያፈሰሱት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። የመንቀጥቀጡ ስፍራ ከሰዓት ወደ ሰዓት ወደፊት እየሄደ ስለ ተመዘገበ የማግማው ፍጥነት ታውቆአል፤ በሰዓት አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገደኛ በእግሩ ይቀድመዋል።

ከዳባሁ የምንማረው ሌላ ነገር ማግማ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም የሚሄድ መሆኑን ነው። ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ኤርታ አሌ ሲፈነዳ ማግማ በምድር ውስጥ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብዙ ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዘ በሳተላይት ታይቶአል። ከአራት ወር በኋላ፥ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፥ በዚያው አቅጣጫ ያለውና ቀድሞ መፈንዳቱ በታሪክ የማይታወቀው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ። የሁለቱ ነገር የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም።

በፈንታሌም የሆነው ይኸው ዓይነት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ማግማ ከፈንታሌ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሰሜን ምሥራቅ፥ ወደ ዶፈን፥ እየሰነጠቀ ሄደ። በታኅሣሥና በጥር መንቀጥቀጡ በረታ፤ የካቲት 7 ቀን የደረሰው በመለኪያው 6.0 ሆኖ ተመዘገበ። በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከመኖሪያው ተነሣ። በዶፈን እንፋሎትና ጭቃ ከምድር ቢፈላም ላቫ አልፈሰሰም። ፈንታሌ በ1820 እ.ኤ.አ. ገደማ ላቫ ያፈሰሰ ተራራ ነውና የሕዝቡ ሥጋት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ወጨጫ ስንመለስ ጥያቄው በሦስት ወገን ይታያል።

አንደኛው የራሱ የተራራው ማደሪያ ነው። የወጨጫ ዓለት ዕድሜ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል፤ እንጦጦማ ወደ 22 ሚሊዮን ይደርሳል። ከወጨጫ ሥር የነበረው ድፍድፍ አምስት ኪሎ ሜትር ውፍረት ነበረው ብንል እንኳ ለመቀዝቀዝ 800,000 ዓመት ይበቃው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ዘመን አልፎአል። አሁን ከሥሩ ያለው የረጋ ዓለት ነው። ለንጽጽር በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ያለውን አሉቶን እንመልከት። በ2004ና በ2008 እ.ኤ.አ. ተራራው 10 እና 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አብጦ እንደ ገና መልሶ ረግቶአል፤ እብጠቱ የተነሣበት ጥልቀት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተተከለበትም ከሥሩ ያለው ሙቀት ታላቅ ስለ ሆነ ነው። ሕያው ማደሪያ የሚታወቀው እንዲህ ባለ ምልክት ነው።

ሁለተኛው ወገን ከፈንታሌ ወደዚህ የሚመጣ ዳይክ ይኖር እንደ ሆነ ነው። ከፈንታሌ እስከ ገፈርሳ በቀጥታ ወደ 140 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከርቀቱ ይልቅ ወሳኙ ግን አቅጣጫው ነው። ስንጥቅ የሚከፈተው ምድር በምትሳብበት በኩል ነው። ስምጥ ሸለቆው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ስለሚሳብ ዳይኮቹ ከሰሜን ሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ደቡብ ምዕራብ ይዘረጋሉ፤ ሸለቆውን ተከትለው ይሄዳሉ እንጂ አቋርጠው ወደ ደጋው አይወጡም። የዳባሁም የፈንታሌም ዳይክ ይህን ሕግ ጠብቆአል።

ሦስተኛው ከታች ከማንትል በቀጥታ አዲስ ማግማ ወደዚህ የመምጣቱ ነገር ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ጥንቃቄ ያሻል። ከየረር ተራራ ተነሥቶ በወጨጫ በኩል ወደ ምዕራብ እስከ ቱሉ ወለል የሚሄድ የእሳተ ገሞራና የስብራት መስመር አለ፤ ወንጪና ደንዲም በዚሁ መስመር ላይ ናቸው። ሁለቱ ከወጨጫ በዕድሜ ያነሱ ናቸው፤ በወንጪም ፍል ውሃ አለ። ወንጪ ከገፈርሳ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በዚህ መስመር ላይ መሣሪያ ይተከል ቢባል ጸሐፊው ከወጨጫ ይልቅ ወንጪን ያስቀድማል።

«የፍል ውሃስ ነገር?» የሚል አይጠፋም። በአዲስ አበባ ፍል ውሃ፥ በአምቦም ፍልና ጋዝ ያለበት ውሃ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ውሃ እንዲግል ማግማ በቅርብ መኖር የለበትም። በማናቸውም ስፍራ ወደ ጥልቅ በተወረደ መጠን በየኪሎ ሜትሩ 25 እና 30 ዲግሪ ሙቀት ይጨመራል፤ እንደኛ ባለ አገር ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። የዝናብ ውሃ በስብራት ገብቶ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ወርዶ ከተመለሰ ሞቆ ይወጣል።

እንግዲህ ወጨጫ ከራሱ ጎተራ አውጥቶ የሚያፈነዳው ነገር የለውም። በቡራዩና በሰበታ የሚያሠጋው ከሩቅ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ነው። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሶአታል፤ በአዲስ አበባም ተሰምቶ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ጣቢያውን ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዌን ስለዚህና ቀድሞ ስለ ደረሱት ብዙ መንቀጥቀጦች ሰብስበው በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ዘርዝረዋል፤ መሐንዲስ የሚሆን ተማሪ ሁሉ ቢያነበው ይጠቀማል። የመንቀጥቀጥ ሞገድ ከጠንካራ ዓለት ወጥቶ ወፍራምና ልል አፈር ውስጥ ሲገባ ይጐላል። በወጨጫ ትራካይት ላይ የቆመ ቤትና ከተራራው በታች ባለው ሜዳ በጥቁር ኮትቻ አፈር ላይ የቆመ ቤት በአንድ መንቀጥቀጥ እኩል አይወዛወዙም። በገፈርሳ ዙሪያና ወደ ሰበታ በሚወርደው ሜዳ የአፈሩ ጥልቀት በየስፍራው ስንት ሜትር እንደ ሆነ የሚያሳይ ካርታ መሥራት ለሥነ ምድርና ለምሕንድስና ተማሪዎች በአንድነት የሚቻል ሥራ ነው። በቅድሚያም መለካት ያለበት አዲሶቹ ፎቅ ቤቶች የሚሠሩበት ሜዳ ነው።